የጓሮዬ ምሽግ

ሚስቴ አጸደ፣ "ሰው ሲያብድ እንኳ በአገሩ ጉዳይ ያብዳል፤ አንተ በእንግሊዝ ጉዳይ!" ትለኛለች። ትበል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ሰፈሩ ፊት ለፊት "ቲቸር ዓባይነህ"፣ ከጀርባዬ "እንግሊዙ" ይለኛል። እሱም ይበል። እኔን የሚያበግነኝ ስሙ አይደለም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ፣ "እስቲ ንገረን፣ ነገሩ ምንድን ነው?" አላለኝም። እሱ ነው የሚያበግነኝ።

ነገሩማ ይኸውላችሁ። ከትምህርት ቤታችን መጻሕፍት መካከል አይጥ ግማሹን የበላው አንድ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። ገልጬ ሳይ አንድ የድንጋይ ቤት አገኘሁ፤ ግድግዳው መስኮት በመስኮት፣ ጣሪያው ላይ የጭስ ማውጫ ረድፍ። ዙሪያውን ግን ቦይ ተቆፍሮ፣ አፈር ተቆልሎ፣ ማዕዘኑ እንደ ጦር ጫፍ ሾሏል። እንዴ! ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ ለምን በአፈር ያጥረዋል? ጥያቄዋ ያዘችኝ፤ እኔም ያዝኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መልሱ ጦርነት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1642 የእንግሊዝ ንጉሥና የገዛ ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። መኳንንቱ ለግብዣና ለብርሃን ብለው የሠሯቸው ቤቶች በአንድ ጊዜ ምሽግ ሆኑ። ድንጋይ መድፍ ሲያገኘው ይፈረካከሳል፤ አፈር ግን ዋጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ቆፈሩ፣ ቆለሉ። አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ግንብ በሚያስገነቡበት በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። "ታዲያ ፋሲልን አታጠናም?" ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። ስለ ፋሲልማ የሚያጠና ሞልቷል! ስለ ቶርንሆልት ማን አለ?

ቶርንሆልት እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ያለ ቤት ነው፤ በዚያ ጦርነት ተከቦ ነበር። የመንደሩ ጡረተኞች ስለ ቤቱ የሚያጠና ማኅበር አላቸው፤ ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ማርጋሬት የሚባሉ አርክቴክት ናቸው። በኢንተርኔት አገኘኋቸው፣ መጻጻፍ ጀመርን፣ ወዲያው ተጣላን። የጠባችን ምክንያት ይህ ነው፦ ጦርነቱ ካለቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚያ ሁሉ የአፈር ምሽግ ምልክቱ እንኳ ጠፍቶ፣ ቦታው የገብስ ማሳ ሆኗል። እነሱ "ዝናብ አጠበው" ይላሉ። እኔ "አላጠበውም" እላለሁ። ሳር ከነሥሩ እንደ ጡብ እየተቆረጠ የተደረደረበት አፈር በጥቂት ዓመት አይታጠብም። ደግሞ በእነሱ ዝናብ! እነሱ ዝናብ የሚሉትን እኛ ካፊያ ነው የምንለው።

"ዝናብ ካልሆነ ታዲያ ምን አፈረሰው?" አሉኝ ወይዘሮ ማርጋሬት።

"መንግሥት አስፈርሶት ይሆናል" ብዬ ጻፍኩ። ለብዙ ምሽጎች የማፍረሻ ትእዛዝ ወጥቶ ነበርና። "ለቶርንሆልት ግን የወጣ ትእዛዝ የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የለም። መልስ ያጣሁ ዕለት ደግሞ ቤት ውስጥ የሚችለኝ የለም።

ስለዚህ ሠራሁት። ምሽጉን ሙሉ አይደለም፤ አንዱን ሹል ማዕዘን ብቻ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ፣ ከነቦዩ፣ ጓሮዬ ውስጥ። አጸደ ጎመን ልትተክልበት ያሰበችው መሬት ነበር፤ ኩርፊያዋ የጀመረው ያኔ ነው። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። የሚዛንን ክረምት የማያውቅ ይጠይቅ! የሰው አጥር ወደቀ፣ የሰፈሩ መንገድ ተቦርቡሮ ባጃጅ እንኳ አልገባ አለ፣ የእኔ ምሽግ ግን ንቅንቅ አላለም። ቦዩ ብቻ ትንሽ ተሸርሽሮ ጠርዙ ጎረበጠ። ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ወይዘሮ ማርጋሬት መለሱልኝ። ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ማኅበርተኞቹን ሰብስበው በቪዲዮ ሊያዩት። እውነት ሁለት ክረምት ቆሞ ከሆነ ክርክሬን በመጽሔታቸው ላይ ሊያወጡት። በስሜ! ዓባይነህ ተብሎ፣ ሚዛን ተፈሪ ተብሎ! ተነሥቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅኋት ቅዳሜ መጣች ብዬ።

በዚያው ሰሞን የአጸደ አባት ቴፒ ላይ አረፉ።

ምን ይደረጋል? ሄድን። ከመሄዳችን በፊት የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለጋሽ ከፈለኝ ሰጠሁ። ጋሽ ከፈለኝ የቤንች ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ቡና አምራች፤ የቡና ማስጫ አልጋቸው ከእኔ አጥር ሥር ነው። በኅዳር ደመና ብቅ ሲል የጀመሩትን ወሬ እንኳ ሳይጨርሱ ሰማያዊ ሸራቸውን ይዘው ወደ አልጋው ይሮጣሉ። የተሰጣ ቡና ዝናብ ከነካው ይሻግታላ። እኒህን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው ከየት ይገኛል? "ጋሽ ከፈለኝ፣ ጓሮዬን አደራ" አልኳቸው። ልብ በሉልኝ፤ በገዛ አፌ ነው ያልኩት።

ለቅሶውን ጨርሰን፣ ቅዳሜዋ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ረቡዕ ከሰዓት በሚኒባስ ተመለስን። ደጃችን ተጠርጓል። አጥራችን ተጠግኗል። አጸደ "እግዜር ይስጣቸው" ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ምሽግ የለም።

ቦይ የለም። ጉብታ የለም። መሬቱ እንደ እጅ መዳፍ ተደልድሎ፣ ፍግ ተበትኖበት፣ ጎመን በመስመር በመስመር ተተክሎበታል። ውሃ ሳይቀር አጠጥተውታል። ዞር ብዬ ሌላ ጓሮ ገብቼ እንዳይሆን አየሁ። የለም፣ የእኔው ጓሮ ነው።

ወዲያው ጎረቤቶቻችን ሊያጽናኑን ገቡ። ከፊት ጋሽ ከፈለኝ፣ ቀጥላ ከአጥር ማዶ ያለችው ንጋቷ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ንጋቷ ነገር በምሳሌ ካልሆነ የማትናገር ሴት ናት፤ ስለ እንግሊዝ ባነሣሁ ቁጥር "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የምትለኝ እሷ ናት።

"ጓሮዬን ምን አደረጋችሁት?" አልኩ። እንደምን አላችሁ እንኳ አላልኩም።

ጋሽ ከፈለኝ ፊታቸው በራ። "ደቦ ወጣን ቲቸር። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። በአንድ ጠዋት አለቀ! አዝኖ የሚመጣ ሰው ጓሮው ተቆፋፍሮ አይጠብቀውም። አደራ ብለኸኝ የለ?"

"ማን ንኩት አላችሁ? ማን! ሁለት ክረምት የደከምኩበትን! እናንተ የሰው ነገር ካልነካችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም?"

ለቅሶ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አፌ ግን አልተዘጋም። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልደግመውም። ደንቆሮም ብያለሁ መሰለኝ።

ጋሽ ከፈለኝ አልተቆጡም። እሱ ነው የባሰብኝ። "እኛ የመሰለን" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለቤት መሠረት ቆፍረህ አቅም አጥተህ የተውከው ነው። ብንጠይቅህ ታፍራለህ ብለን እስከዛሬ አልጠየቅንህም።"

እኔ እንደናቁኝ ስቆጥር፣ እነሱ ለካ ገመናዬን ሲሸፍኑ ነው የከረሙት። ሆኖም ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም የሚያርፍበት ስላጣ ባሰበት። ሰዎቹ አንድ በአንድ "እግዜር ያጽናችሁ" እያሉ ወጡ። አጸደ በሩን ዘግታ ዞረች።

"ለአባቴ ያላፈሰስከውን እንባ ለአፈር ልታፈስ ነው?" አለችኝ። ጥላኝ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። ለወይዘሮ ማርጋሬት "ፈርሷል" ብዬ ልጽፍ ስልኬን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ። ማን ያምነኛል? "ቆሞ ነበር፣ ግን ልታዩት ስትሉ ጎረቤት አፈረሰብኝ" ይባላል? ተማሪ የቤት ሥራውን ሳይሠራ መጥቶ በሬ በላብኝ ቢለኝ እኔ ራሴ አላምንም።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ከፈለኝ አካፋ ይዘው ቆመዋል። ኋላቸው ንጋቷ፣ ኋላዋ የደቦው ሰዎች።

"የሰደብከንን ትተነዋል" አሉ ጋሽ ከፈለኝ። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ይናገራል። አሁን እስቲ ንገረን ቲቸር፣ ነገሩ ምንድን ነው?"

በሉ እንግዲህ! ስንት ዘመን የጠበቅኋት ጥያቄ ምሽጉ ከፈረሰ በኋላ መጣች። ላኮርፍ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። በርጩማ አውጥቼ ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። ንጉሡን፣ ፓርላማውን፣ ባለ መስኮቱን ቤት፣ መድፍ የሚውጠውን አፈር፣ የወይዘሮ ማርጋሬትን ዝናብ። አቋረጡኝ እንጂ ከመስማት አልቦዘኑም።

"ንጉሡ አሸነፈ?" አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

"አንገቱን ቆረጡት።"

"ኧረ ወዲያ!" አለች ንጋቷ። "የገዛ ሰዎቹ?"

"የገዛ ሰዎቹ።"

ጋሽ ከፈለኝ ራሳቸውን ነቅንቀው ተነሡ። "እኛ አፍርሰናል፣ እኛ እንሠራዋለን።"

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ዋጋ የለውም!" አልኩ። "ቁም ነገሩ ሁለት ክረምት መቆሙ ነበር። አዲሱ ምን ያረጋግጣል? አንድም ዝናብ አላየ!"

ማን ሰምቶኝ። ጎመኑን ከነሥሩ ነቅለው ወደ ደጃችን አዛወሩት። ቆፈሩ፣ ቆለሉ፣ ሳር እየቆረጡ ደረደሩ። ንጋቷ ልብስ የምታሰጣው ከአጥሩ ማዶ ስለሆነ የማዕዘኑን አቅጣጫ ከእኔ ይልቅ ታስታውሳለች፤ ቆማ "ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩ እኮ!" እያለች ታዛለች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጨረሱት። ከእኔው የተሻለ ነበር። እሱም አናደደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አጸደ ቁርስ እያቀረበች መከረችኝ። "አሮጌው ነው በላቸው። ያው አፈር ነው፣ ያው ቦታ ነው። ማን ይመሰክርብሃል?"

ሐሳቡ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። አንዲት "አዎ" ብቻ ናት። በዚያች "አዎ" ስሜ እንግሊዝ አገር ይታተማል፤ ክርክሩ ደግሞ እውነት ነው፣ ቆሞ ነበር! እውነት ለሆነ ነገር አንዲት ውሸት ምን አላት? እያልኩ ስገላበጥ ሰዓቱ ደረሰ።

ስልኬን በርጩማ ላይ በጣሳ አስደግፌ ወደ ምሽጉ አዞርኩት። ሰፈሩ መጥቷል። ጋሽ ከፈለኝ ለዓመት በዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ንጋቷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከኋላዬ ተሰልፈዋል። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊቴን ነው የሚያዩት። ኔትወርኩ ለወትሮው የሚያቃጥለኝ ያን ቀን ምን ነካው፣ ወለል ብሎ መጣ። ወይዘሮ ማርጋሬት ከነመነጽራቸው፣ ዙሪያቸውን ሽማግሌዎች።

"ውብ ነው!" አሉ። "እንዴት ያለ ውብ ሥራ ነው! ሁለት ክረምት የቆመው ይኸው ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ዞር ስል ጋሽ ከፈለኝ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፤ አይዞህ ማለታቸው ነው።

"አይደለም" አልኩ። "ይሄ የትናንት ነው።"

"የቀድሞውስ?"

"ፈረሰ።"

ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ወደ ካሜራው ዘንበል አለ። "ዝናብ?" አለ ፈገግ ብሎ። ያቺ ፈገግታ! ደሜ ፈላ።

"ዝናብ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "ዝናብ ምንም አላደረገውም! ጎረቤቶቼ ናቸው! እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለ አካፋ ይዘው ወጥተው በአንድ ጠዋት ደለደሉት! ጎመን ተከሉበት!"

"ማን አዘዛቸው?" አሉ ወይዘሮ ማርጋሬት።

"ማንም አላዘዛቸውም! አዝኗል፣ ተጎድቷል ብለው ነው! ሊያግዙኝ ብለው ነው!"

ሽማግሌው ፈገግታውን ተወ። ወይዘሮ ማርጋሬት መነጽራቸውን አውልቀው አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዓባይነህ" አሉ። "የመጨረሻውን እስቲ ድገመው።"

ገና ያኔ ያልኩት ነገር ለእኔም ተሰማኝ። የገብስ ማሳው። ትእዛዝ ያልወጣለት ምሽግ። ጦርነት የሰለቸው መንደር፣ ጌታው ሐዘን ላይ ያለ ቤት፣ አካፋ የያዘ ጎረቤት። የቶርንሆልትንም ምሽግ እንዲሁ ያፈረሱት ጎረቤቶቹ ቢሆኑስ? ልደግመው ስል ንጋቷ ከኋላዬ ጮኸች።

"ዝናብ! ዝናብ መጣ!"

ቀና ስል ሰማዩ በሸኮ ወረዳ በኩል ጠቁሯል። ሰልፉ ፈረሰ። ጋሽ ከፈለኝ በዓመት በዓል ኮታቸው አጥሩን ዘለው ሰማያዊውን ሸራ ከቡናው አልጋ አጠገብ አፈፍ አደረጉት። ወደ ቡናው ሲዘረጉት ስጠብቅ ይዘውት ወደ እኔ ተመለሱ። ንጋቷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይዞ፣ በስልኩ ፊት ለፊት እየሮጡ ምሽጉን አለበሱት።

"ሰዎቹ ምን እያደረጉ ነው?" አሉ ወይዘሮ ማርጋሬት።

"እያገዙኝ ነው" አልኩ።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ቡናውስ?" ብዬ ዞርኩ።

"ቡናው መልሶ ይደርቃል!" አሉኝ፣ የሸራውን ጠርዝ በድንጋይ እየጫኑ። "ያንተ ፈርሶ እንዳትቀየመን!"

መልሶ አይደርቅም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሚዛን ውስጥ የማያውቅ የለም። የዓመት ልፋታቸው አልጋው ላይ ራቁቱን ተሰጥቷል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ። ሸራውን ከምሽጉ ላይ ገፈፍኩት። ጋሽ ከፈለኝ "ምን ሆነሃል አንተ!" እያሉ ሊይዙኝ ሲሉ ጎተትኳቸው፣ ንጋቷም ነገሩ ገብቷት ሸራውን አብራኝ ጎተተች፤ አጥሩ ላይ ወጥተን ሸራውን ወዲያ ማዶ ወረወርነው። ዝናቡ ሳይከፋ ቡናውን ከነጠርዙ ሸፈንነው። ጋሽ ከፈለኝ በአልጋው በወዲያኛው በኩል የሸራውን ጫፍ ይዘው እያለከለኩ አዩኝ።

"ሊፈርስብህ ነው እኮ ቲቸር።"

"እንግዲያው ይፍረሳ!" አልኩ። "አይፈርስም እያልኳችሁ አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ ዘመን!"

ወደ ጓሮዬ ዞሬ አየሁ። ዝናቡ ያ የምናውቀው ሆኖ በአዲሱ ምሽግ ላይ ይወርዳል። አጸደ ጃንጥላ ይዛ ከበርጩማው አጠገብ ቆማለች፤ ለራሷ አልያዘችውም፣ ስልኩ ላይ ነው የዘረጋችው። ከስልኩ ውስጥ ወይዘሮ ማርጋሬትና ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ዝናባችንን ያያሉ።

ይዩት።